የሞላ ገንዳ በስልክ እንዴት ይነሳል? ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ ሰፈርተኛ

ገንዳው ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ብዙዎቻችን የምናደርገው ያው ነው። ፎቶ እናነሳለን፣ ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን፣ ከሥሩ «የሚመለከተው አካል ወዴት ነው?» ብለን እንጽፋለን። ግማሹ ይናደዳል፣ ግማሹ ይስቃል፣ አንዱ ፖለቲካ ያስገባና ሌላ ጠብ ይጀመራል። ገንዳው ግን እዚያው ነው። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ «የሚመለከተው አካል» የሚል ቢሮ የለማ! ያለው የገንዳ መኪና የሚያሰማራ ሰው ነው፣ የጽዳት ማህበሩ ሰብሳቢ ነው፣ የቀበሌው የጽዳት ባለሙያ ነው። ፎቶው እነሱ ጋ ካልደረሰ፣ ደርሶም መቼ እንደደረሰ ካልተመዘገበ፣ ንዴት ከመወጣት ያለፈ ነገር አይሠራም።

የምነግራችሁ አሠራር ልዩ አፕ አይፈልግም። ካሜራ ያለው ስልክ፣ ቴሌግራም፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ ከዚያ ደግሞ ሳይሰለች የሚደውል ሰው ይበቃል። የምጠቅሰው በብዛት ደሴን ነው። ኮምቦልቻም ወልድያም ያለ ሰው የቦታና የቢሮ ስም ቀይሮ ይሥራበት።

1. ቆሻሻው በማን እጅ እንደሚያልፍ እወቁ

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግማሽ ቀን ለዚህ ስጡ። በከተሞቻችን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ለቤት የሚሰበስቡት በማህበር የተደራጁ ልጆች ናቸው። በጋሪ ወይም በማዳበሪያ ተሸክመው ገንዳው ጋ ያደርሱታል። ገንዳውን የማዘጋጃ ቤት መኪና ያነሳና ወደ መድፊያው ይወስደዋል። ስለዚህ «ቆሻሻ አልተነሳም» የሚለው አንድ አቤቱታ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ችግር አለ። ማህበሩ ሰፈር ካልገባ ጥያቄው ለማህበሩ ሰብሳቢ ነው። ገንዳው ሞልቶ ከቆመ ለመኪና ስምሪቱ ነው። ቱቦው ተደፍኖ ጎርፍ መንገድ ላይ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሌላ ክፍል ነው። የፋብሪካ ወይም የጋራዥ ዝቃጭ ወንዝ ውስጥ ከገባ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው፤ ጽዳትና ውበት ጋ ሄዳችሁ ብትጮኹ «የእኛ አይደለም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ እውነታቸውንም ነው።

እነዚህን ስልኮች ስልካችሁ ላይ በሥራ ስማቸው መዝግቡ። «ገንዳ ስምሪት»፣ «ማህበር ሰብሳቢ»፣ «ቀበሌ ጽዳት» እያላችሁ። ሰው ይቀያየራል፣ ቦታው ግን ይቀራል። ከተቻለ የቢሮ ስልክ ይሁን፤ የግል ስልክ ከሰጧችሁ በቡድን ውስጥ አትበትኑት።

ደሴ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው የተቀመጠው። መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የላዩ ሰፈር ሰው ቆሻሻውን ይዞ ወደ አስፋልት ይወርዳል። መውረድ የሰለቸው ደግሞ ቦዩ ውስጥ ይለቀዋል። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ወደ ቦርከና ይጠረጋል፣ ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ይደርሳል። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ገንዳ ብቻ አይሁን። ሰኔ ሳይገባ ቦዮቹን ፎቶ አንሱ። ሐምሌ ላይ ዘግይቷል።

2. ፎቶው ማስረጃ እንዲሆን

ሦስት ፎቶ አንሱ። አንዱ ራቅ ብሎ፣ ቦታውን የሚያሳውቅ ነገር ይዞ፦ የመስጊድ ሚናራ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የመብራት ትራንስፎርመር። ሁለተኛው ቀረብ ብሎ። ሦስተኛው ከጎን፣ ቆሻሻው ከገንዳው ወጥቶ መሬት ላይ የት ድረስ እንደደረሰ የሚያሳይ። ገንዳው ላይ ቁጥር ተጽፎ ከሆነ እሱንም። ሌላ ቀን ስትመለሱ ከዚያው ቦታ ቆማችሁ አንሱ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ማንም «ይሄ የድሮ ፎቶ ነው» ሊላችሁ አይችልም።

የካሜራውን ሴቲንግ ከፍታችሁ ሎኬሽን የሚለውን አብሩ። ያን ጊዜ ፎቶው ውስጥ ቦታውና ሰዓቱ አብሮ ይቀመጣል። ግን ልብ በሉ፦ ቴሌግራም ላይ እንደተለመደው በፎቶ መልክ ከላካችሁት ይህ መረጃ ይጠፋል። ጥራቱም ይቀንሳል። «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩት፣ እንዳለ ይደርሳል። ዋናውን ፎቶ ደግሞ ከስልካችሁ አታጥፉ።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። ስልኩ 8:30 ይላል፣ እናንተ «ጠዋት 2:30» ትላላችሁ፣ ባለሙያው ደግሞ 8:30ን ከሰዓት በኋላ አድርጎ ያነበዋል። ሁሌም በእኛ አቆጣጠር ጻፉና «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን አትዝለሉ።

ሰው አታንሱ። የምትጠርገዋን እናት፣ ገንዳ ውስጥ ሃይላንድ የሚለቅመውን ልጅ፣ ቆራሌውን፣ የማህበሩን ልጆች ጋሪ ሲገፉ፣ ማንንም። ሌሊት ፌስታል ጥሎ የሄደውን ጎረቤታችሁንም ቢሆን ቪዲዮውን አትልቀቁት፤ አንድ ሰው ታዋርዳላችሁ፣ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ገንዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ካምፕ፣ ኬላ ወይም ጥበቃ ያለበት አጥር አጠገብ ያለ ገንዳ ከሆነ ካሜራ ጨርሶ አታውጡ። በጽሑፍ ብቻ አሳውቁ። በዚህ ዘመን ለገንዳ ብሎ ጣጣ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

3. ቦታውን መኪናው እንዲያገኘው አድርጉ

«ሆጤ ያለው ገንዳ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሹፌሩ አዲስ ሊሆን ይችላል። ጉግል ማፕ ላይ ቦታው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ ቀይ ምልክት ይወድቅና ከታች የመደመር ምልክት ያለበት አጭር ኮድ ይወጣል። ፕላስ ኮድ ይሉታል። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይሠራበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮዱን ገልብጣችሁ መልእክቱ ላይ ለጥፉት፣ ከጎኑ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ጨምሩ፦ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት»። ከሁለቱ አንዱ ብቻ አይበቃም። ሹፌሩ ኮዱን ላይከፍተው ይችላል፣ ወፍጮ ቤቱን ግን ጠይቆ ያገኘዋል።

ኔትወርክ የጠፋ ጊዜም ይሠራል። ዋይፋይ ስታገኙ የከተማችሁን ካርታ አስቀድማችሁ አውርዱ። ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም፤ ፎቅ በበዛበት ጠባብ ሰፈር ቦታውን ለማግኘት ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

4. መዝገቡ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የነገሩ ሁሉ ጭብጥ ይሄ ነው። ፎቶ ማንም ያነሳል። ከስድስት ወር በኋላ «ይህን ገንዳ በተመለከተ ስንት ጊዜ ነገርናችሁ፣ ስንት ቀን ፈጀ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው ግን መዝገብ የያዘ ብቻ ነው።

ጉግል ሺት ወይም ኤክሴል ላይ ክፈቱት፤ ይህን የማይወድ ሰው ባለ መስመር ደብተር ይያዝ፣ ያው ነው። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ መለያ ቁጥር፣ የታየበት ቀን፣ ቦታ፣ ምን ታየ፣ ለማን ተነገረ፣ መቼ ተነገረ፣ የተሰጠው መልስ፣ የተነሳበት ቀን፣ የፈጀው ቀን። «የተሰጠው መልስ» የሚለው ላይ የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉ። «መኪናው ተበላሽቷል፣ ዓርብ ይወጣል» ካሉ እንደዚያው። በራሳችሁ ቃል አታሳምሩት፣ አታክፉትም።

ስለ ቀን ልንገራችሁ። ኤክሴል የእኛን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉለት ፌብሩዋሪ 30 ይመስለውና ቀን አድርጎ አይቀበላችሁም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሰጡት ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ ሁለት ዓምድ አድርጉ። አንዱ ላይ በእኛ አቆጣጠር በፊደል ጻፉ («ጥቅምት 30»)፣ ሰው የሚያነበው እሱን ነው። ሌላው ላይ የፈረንጁን ቀን አስገቡ፣ ቀናቱን እየቀነሰ ስንት እንደፈጀ የሚያሰላላችሁ እሱ ነው።

የተፈታ ችግር ከመዝገቡ አይሰረዝም። ቀለሙን አረንጓዴ አድርጉትና ይቀመጥ።

ብዙ ቀበሌ ከሸፈናችሁና መረጃ ሰብሳቢ ወጣቶች ካሏችሁ ኮቦኮሌክት የሚባል ነፃ አፕ አለ። በአማርኛ ቅጽ ይሠራበታል፣ ኔትወርክ በሌለበት ተሞልቶ ኋላ ኔትወርክ ሲመጣ ይላካል፣ ፎቶና ጂፒኤስ አብሮ ይይዛል። ለአንድ ሰፈር ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው። አፕ ስንማር ክረምቱ ያልፋል።

5. መልእክቱን እንዴት ትጽፉታላችሁ?

ስድብ አንድ ቀን ያረካል፣ ከዚያ በኋላ ስልካችሁን የሚያነሳ አይኖርም። አጭር፣ ቀን ያለው፣ በመጨረሻው ላይ ደግሞ መልስ የሚጠይቅ ይሁን። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሰኞ ገበያ፣ ከሽንኩርት ተራው በታች ያለው ገንዳ ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሞልቶ ወደ ቱቦው እየፈሰሰ ነው። ሦስት ፎቶና የቦታው ኮድ ከታች አለ። መዝገብ ቁጥራችን 14 ነው። መኪናው የትኛው ቀን እንደሚመጣ ቢነግሩን ለነዋሪው እናሳውቃለን፣ እስከዚያ ሰው እንዳይጨምርበት እንለምናለን። እናመሰግናለን።»

«የትኛው ቀን» የምትለዋን ልብ በሉ። «አንሱልን» ብትሉ «እሺ» ተብሎ ያልቃል። «የትኛው ቀን?» ስትሉ ግን አንድ ቀን መጥራት ግድ ይላል፣ የተጠራው ቀን ደግሞ መዝገብ ላይ ይገባል።

ጽፋችሁ አትቀመጡ፣ ደውሉ። በእኛ አገር ጽሑፉ ማስረጃው ነው፣ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ስልኩ ነው። በሁለት ቀን መልስ ካጣችሁ ለቅርብ ኃላፊው፣ በሳምንት ካጣችሁ በደብዳቤ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን። መዝገብ ቤት አስገቡና እናንተ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ፣ እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አንሱት። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ «አልደረሰንም» ይባላል።

ደብዳቤው ላይ ሕግ መጥቀስ ነውር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች ዕቅድ ሲያወጡና ሲፈጽሙ ነዋሪውን እንዲያሳትፉ ያዝዝ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሌላ አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል፣ ፌስታልን የከለከለው እሱ ነው። የገንዳ ማንሻ ፕሮግራሙን አላሳይ ካሏችሁ የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ 590/2000 አለ፣ በጽሑፍ ለቀረበ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚያም በላይ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እዚያ ድረስ መሄድ ግን የመጨረሻው መጨረሻ ነው። አብዛኛው ጉዳይ ስልክ ላይ ያልቃል።

6. ቡድኑን ቅሬው (እድሩ) ሥር አድርጉት

የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ቀላል ነው፣ በሳምንቱ የማስታወቂያና የቀልድ መለጠፊያ ይሆናል እንጂ። ሁለት ነገር ያድነዋል። አንደኛው ደንብ ነው፦ ፎቶ፣ ቦታ፣ ቀን፤ ሌላው ሁሉ ይሰረዛል፣ ፖለቲካና ሃይማኖት ጭራሽ። ሁለተኛው ቅሬ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው የሚሰማው ማንን ነው? የቅሬውን ዳኛ ነው። ከአድሚኖቹ አንዱ ስልክ ላይ ፈጣን የሆነ ወጣት፣ ሌላው ከቅሬው የተወከለ ይሁን። የወሩ መዝገብ ቅሬው ሲሰበሰብ ይነበብ። አንድ ወጣት ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ ሌላ ነው፣ ቅሬው በስሙ ሲጠይቅ ሌላ።

ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ብዙ ነው፣ ገንዳውን በየቀኑ የሚያየውም እሱ ነው። ጉልት የምትቸረችረዋ እናት ቴሌግራም የላትም። ግን ቀፎዋን አንስታ «አንተ ልጄ፣ ያ ገንዳ ዛሬም አልተነሣም፣ ውሻ እያመሰው ነው፤ እኛም በሽታው አስመርሮናል» ብላ ትደውላለች። ይህ ሙሉ ሪፖርት ነው። ስልኩን ያነሳው ልጅ «የትኛው ነው እማማ፣ ከላይ ያለው ነው ከታች?» ብሎ ይጠይቅ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቅ፣ መዝገቡ ላይ ያስገባ፣ ሲመቸው ሄዶ ፎቶውን ያንሳ። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ ስልክ ቁጥር በየሱቁ ለጥፉላቸው፣ ሚስድ ኮል ካደረጉ መልሶ የሚደውል ሰው ይኑር።

7. የራሳችንንም እንመዝግብ

መዝገቡ ቢሮውን ብቻ የሚከስ ከሆነ ዕድሜ አይኖረውም። ማህበሩ የሚመጣበትን ቀን ዋዜማ ማታ ግሩፑ ላይ አስታውሱ። ትኩስ አመድ ገንዳ ውስጥ አይደፋ፤ ከፌስታሉ ጋር ተያይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ጭስ በጭስ የሚያደርገው እሱ ነው። የጫት ገረባ ቦታ ይፈጃል፣ ገንዳውን በግማሽ ቀን የሚሞላውም እሱ ነው። ስለዚህ ጫት ቤቶቹን ለብቻ አነጋግሯቸው፣ በማዳበሪያ አስረው ማህበሩ በሚመጣበት ቀን ያውጡት። ሃይላንዱን ለይታችሁ ለቆራሌው ስጡ።

ክፍያም አለ። «ከፍያለሁ» «አልከፈልክም» የሚባለው ጭቅጭቅ የማህበሩን ልጆች ያማርራቸዋል፣ ካማረራቸው ደግሞ ሰፈራችሁን ይዘሉታል። ማህበሩ የሚቀበል ከሆነ በቴሌብር ክፈሉ፤ የሚመጣው የማረጋገጫ መልእክት ደረሰኝ ነው፣ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

8. በወር አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ መዝገቡን አንብቡ

በየወሩ ሦስት ቁጥር ብቻ አውጡ፦ ስንት ተመዘገበ፣ ስንቱ ተነሳ፣ አንድ ገንዳ ብዙውን ጊዜ በስንት ቀን ይነሳል። በአንድ ምስል አድርጋችሁ ግሩፑ ላይ ለጥፉ፣ ለቢሮውም ላኩ። የሰው ስም አይግባበት። ገንዳው በሰዓቱ የተነሳበትንም ወር በዚያው መልክ ለጥፉ፣ ከመነሳቱ በፊትና በኋላ ያለውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አመስግኑ። ሲበላሽ ብቻ የሚደወልለት ኃላፊ ስልኩን ማንሳት ያቆማል፣ እናንተም ብትሆኑ ታቆማላችሁ።

ከዚያ መዝገቡ ሌላ ነገር ይነግራችኋል። አንዱ ገንዳ ሁሌ ማክሰኞ ጠዋት ሞልቶ ከተገኘ ነገሩ የሰኞ ገበያ ነው፤ በየሳምንቱ «አንሱልን» እያሉ መለመን ሳይሆን መኪናው ሰኞ ማታ እንዲመጣ ወይም ሁለተኛ ገንዳ እንዲጨመር መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። አረፋ፣ መውሊድና ፋሲካ ላይ የእርድ ትርፍ ስለሚበዛ ከበዓሉ ሳምንት ቀድማችሁ ጻፉ። በሁሉም ሰፈር በተመሳሳይ ሳምንት ከዘገየ ምናልባት ያለችው መኪና ቆማለች፣ እዚያ ላይ የስምሪቱን ሰው መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም፤ ጥያቄው ስለ በጀትና ስለ ጥገና ነው፣ የሚቀርበውም ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት ወይም ለከተማው ምክር ቤት ነው። ያን ጊዜ ሠንጠረዡን አትማችሁ ይዛችሁ ግቡ። ስልክ አውጥቶ «እዚህ ላይ ነበር…» እያሉ መፈለግ ስብሰባ ላይ ያሳፍራል።

ከታተመው አንዱ ቅጂ የቅሬው ጸሐፊ ጋ ይቀመጥ። ስልክ ይሰረቃል፣ አድሚኑም ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይሄዳል።